ያኮረፈው ድብ

እኛ የአላስካ ባሕር ዳርቻ ሰዎች ድብን አንሰድብም፤ ይሰማል፣ ያኮርፋል። ጀልባችንን የተከራየው ፎቶ አንሺ ዌንደል ግን ጀርባውን ሰጥቶ ሣር የሚግጠውን ድብ እያየ፣ «ጀልባ የሚያክል ቂጥ» ብሎ ሳቀ። ድቡ እስከ ከሰዓት ድረስ ፊቱን አላሳየንም።

አክስቴ አግራፌና ንድድ አላት። «እሳቸውን ይቅርታ ጠይቅ።»

«ድብን?»

«የሰደብካቸው አንተ፣ ይቅርታ የምጠይቅልህ እኔ ልሁን?»

ዌንደል እያፈረ ኮፍያውን አወለቀ። «ይቅርታ አባቴ፣ ቁመናዎ ያምራል።»

ድቡ ዞረ። ዞሮም አልቀረ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መጣ። ዌንደል ካሜራውን ረስቶ ከአክስቴ ጀርባ ተሸጎጠ።

«እትዬ፣ አሁንስ ምን ልበላቸው?»

«ያንን ስለ መቀመጫቸው ያልከውን ድገምላቸው።»