ሠላሳ ሁለተኛው ደቂቃ

ጌድዮን ቀን ቀን የሚተኛው ሠላሳ ሁለት ደቂቃ ነበር። ሠላሳም አይደለም፣ ሠላሳ አምስትም አይደለም። አባቱ ነአምን የሒሳብ መምህር ስለሆነ ነገሩን በግምት አልተወውም፤ ስልኩ ላይ ሠንጠረዥ አውጥቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲመዘግብ ከረመና አንድ ማታ እራት ላይ ውጤቱን አቀረበ። ከአምስት እንቅልፍ አራቱ የሚያልቁት ሠላሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ነው። «ከእኛ ትምህርት ቤት ደወል ይልቅ ሰዓት ያከብራል» አለ በኩራት።

ባለቤቱ ሩታ አልሳቀችም። እሷ የምትፈልገው አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ ያውም ለአንድ ቀን ብቻ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ የማስተርስ ጥናቷን በኢንተርኔት ለፈታኞች ታቀርባለች። ቀኑ ሁለቴ ተላልፏል፤ አንዴ እርግዝናው ጠንቶባት፣ አንዴ ደግሞ ጌድዮን ከቀኑ ሦስት ሳምንት ቀድሞ በመምጣቱ። ለሦስተኛ ጊዜ ከተላለፈ ምዝገባዋ እንደሚሰረዝ የትምህርት ክፍሉ በደብዳቤ አስታውቋታል። ሦስት ዓመት እንጦጦ ተዳፋት ላይ እየወጣች እየወረደች ችግኝ የቆጠረችበት ሥራ፣ አምስት ወር ያልሞላው ሰው ሸለብታ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ነቅቶ ከሆነ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ጡጦ አይነካም። የእናቱን ድምፅ ከሚቀጥለው ክፍል ከሰማ እሷ እስክትመጣ ድረስ የሲ.ኤም.ሲን ሰፈር በሙሉ ይጣራል። ይዘውት እንዳይወጡ ደግሞ ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ከምሳ በኋላ ቀጠሮ ያለው ይመስል በየቀኑ ይመጣል።

ያልተሞከረ ነገር አልነበረም። መጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደረቡበት። አያቱ፣ የነአምን እናት ወይዘሮ ታደለች፣ በአንቀልባ አዘሉት፤ ጀርባቸው ላይ እንደ ድንጋይ ተኝቶ፣ አልጋው ሲነካው ዓይኑን አፈጠጠ። አንድ ቅዳሜ ነአምን በሚኒባስ መገናኛ አድርሶ መለሰው። ወያላው ጆሮው ሥር እየጮኸ አልነቃም፣ ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ አልነቃም፤ ሠላሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ግን ነቃ።

ሩታ በበኩሏ ማታ ማታ ስታነብ አንድ ነገር አግኝታ ነበር። የሕፃን እንቅልፍ በዙር በዙር ነው፤ አንዱ ዙር አልቆ ሌላው ሳይጀምር በመሃል ያጉረመርማል፣ ይንፈራገጣል፣ ዓይኑንም ሊገልጥ ይችላል፤ ትንሽ ከታገሡት ግን አንዳንዱ ልጅ ራሱ ይመለሳል ይላል። ይህን መሞከር ፈለገች። ችግሩ ወይዘሮ ታደለች ናቸው።

ወይዘሮ ታደለች ከቀበና የመጡት አራስ ሊጠይቁ ነበር። ለአርባ ቀን ብለው መጥተው አምስተኛ ወራቸውን ይዘዋል፤ ማንም እንዲሄዱ አልፈለገም። ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ የራሳቸው ወንበር አላቸው። ጌድዮን ገና «እኝ» ሲል እሳቸው ቆመዋል፣ ሁለተኛውን «እኝ» ሳይጨርስ «መጣሁ የኔ ጌታ!» ብለው አቅፈውታል። «ልጅ እየተጣራ ቁጭ ብዬ ልስማ? የልጅ ልጅ አላየሁም እንዴ?» ይሉ ነበር።

ሩታ «እማማ፣ ትንሽ ብንጠብቀውስ?» የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር አዘጋጀች። ሦስት ቀን ይዛት ዞረች። አንዴ ጫፏን ልትጀምር ስትል ወይዘሮ ታደለች «ምን አልሽ ልጄ?» አሏት፤ «ሻይ ልጨምርልዎ?» ብላ አሳለፈችው።

ስለዚህ የቀረው ዝምታ ብቻ ሆነ። ረቡዕ ማታ ተመካከሩ። ነአምን የበሩን ደወል ባትሪ አወጣ፤ ማጠፊያው ሲጥ እንዳይል የምግብ ዘይት ቀባው። ሐሙስ ጠዋት የክረምት ትምህርት ሊያስተምር ሲሄድ የሕንፃው ዘበኛ ጋሽ ለይኩን ዘንድ ቆም ብሎ፣ እስከ አሥር ሰዓት እንግዳ ወደ ቤታቸው እንዳያስወጡ በዝግታ ለመናቸው። ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም፤ ሩታ ስለ ፈተናው ለማንም እንዳይናገር አስምላው ነበር። ብትወድቅ ከመቶ ሰው ይልቅ በሁለት ሰው ፊት ማፈር ይቀላታል።

ወይዘሮ ታደለችም ነገሩን የሚደብቁበት የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። የሕፃን እንቅልፍ ለሰው አይወራም፤ ዓይን አለ። እናም ረፋዱ ላይ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ በር እያንኳኩ ለዛሬ ብቻ ድምፅ እንዲቀንሱላቸው በሹክሹክታ ጠየቁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ የሚበሱትን ሁለት ሠራተኞች እስከ አሥር ሰዓት አስቆሙ። «ምነው በደህና?» ላላቸው ሁሉ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ሄዱ። ነጠላዎቻቸው በሐምሌ ዝናብ አልደርቅ ብለው ገመድ ላይ ስለነበሩ ጥቁር ሻርፕ ለብሰዋል።

ሩታ በመስኮት ቁልቁል ስትመለከት ጋሽ ለይኩን ለአማቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው አንገታቸውን ሲደፉ አየች። ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ናቸው አለች በልቧ።

ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሲል ጌድዮን ተኛ። ስምንት ሰዓት ላይ ሩታ ሳሎን ውስጥ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ ለሦስት ፈታኞች ሰላምታ ሰጠች። ከላይ ኮት ለብሳለች፤ ከታች ካሜራው የማያየው የሌሊት ሱሪ። ወይዘሮ ታደለች ወንበራቸው ላይ ናቸው።

እንዲህ ያለ ዝምታ በዚያ ሕንፃ ተሰምቶ አያውቅም። መብሻው የለም፣ የጋሽ ለይኩን ሬዲዮ የለም፣ ደረጃ ላይ የሚሯሯጥ ልጅ የለም። ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ብቻ ከውጪው በር ጀርባ የሆነ ነገር ኮሽ አለ። ወይዘሮ ታደለች በንዴት ጣታቸውን ቀስረው፣ በእግራቸው ጣት እየረገጡ ሊገሥጹ ወጡ። በሩን ከኋላቸው ሳብ አደረጉት። አልተመለሱም።

ስምንት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ላይ፣ ከሐዋሳ የገቡት ፈታኝ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ባሕር ዛፉ ከተነሣ በኋላ ቦታውን አጥራችሁ ዝም አላችሁ፤ ይህ ጥናት ነው ወይስ ስንፍና? ለምን አልተከላችሁም?

«እኝ» አለ ጌድዮን።

ሩታ ወደ ወንበሩ ዞረች። ባዶ ነው። ወገቧ ሳታዘው ግማሽ ተነሣ፤ ከዚያ ሱሪዋ ትዝ አላት።

«ሩታ፣ ትሰሚናለሽ?»

ተቀመጠች። «እሰማለሁ።»

«እኝ… እእ…»

«የሀገሩ ዛፍ ሥርም ዘርም አፈሩ ውስጥ አለ» አለች፤ ጆሮዋ ግን መኝታ ቤት ነበር። «ጽድም፣ ወይራም። የተቆረጠ ሁሉ የሞተ አይደለም። ጠዋት ማታ እየሄድን ስንቆፍረው፣ ስንነካካው ነው የምንረብሸው። ብንታገሠው… ራሱ ይመለሳል።»

ፈታኙ መነጽራቸውን ወደ ቦታው መልሰው አንድ ነገር ጻፉ። ከመኝታ ቤቱ አንድ ረጅም ትንፋሽ መጣ፤ ከዚያ ምንም። ሩታ ሰዓቷን አየች። ሠላሳ አራተኛው ደቂቃ ነበር። የሚቀጥሉትን ጥያቄዎች እንዴት እንደመለሰች ኋላም ልታስታውስ አልቻለችም፤ መልሳ መልሳ ሰዓት ታይ እንደነበር ብቻ ታውቃለች። አርባ። ሃምሳ። ሰባ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጥናቷ ከጥቃቅን እርማት ጋር ተቀባይነት ማግኘቱን ነገሯት።

መኝታ ቤቱን ገርበብ አድርጋ አየች። ጌድዮን ሁለት እጁን እንደ ምርኮኛ ወደ ላይ ዘርግቶ ተኝቷል። ለአማቷ ልትነግር የውጪውን በር ከፈተች።

ኮሪደሩ ላይ ዘጠኝ ሰው ተቀምጧል። የእድር ወንበር ግድግዳውን ይዞ ተደርድሯል። የሕንፃው ሴቶች እድር ሰብሳቢ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሽ ለይኩን ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ግድግዳ የሚበሱት ሁለት ሠራተኞች ደረጃው ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። በመሃል ወይዘሮ ታደለች፣ ሻርፓቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው፣ ያለ ድምፅ ያለቅሳሉ።

ሩታ ወደ አማቷ ተጠጋች። «ነአምን ምን ሆነ?»

«ነአምን ነው እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ደንግጠው።

ወይዘሮ ታደለች ሻርፑን ከአፋቸው አወጡ። «ልጄ ነው? ታማሚው ወንድሜ አይደለም?»

 ዘጠኙም እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ወይዘሮ ፈትለወርቅ በዝግታ ጎንበስ አሉ። «እትዬ ታደለች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… ሟቹ ማነው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? መርዶ ይዘሽ የመጣሽው አንቺ!»

ሩታ የዘጋችውን ስልኳን ከፍታ ለነአምን ደወለች። አነሣ፤ «ጨረስሽ? አለፍሽ?» ሲል ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ።

ነገሩ ሲጣራ መነሻው ጋሽ ለይኩን ሆኑ፤ እሳቸውም አልካዱም። አባወራው ጠዋት ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንግዳ አታስወጡ አለ። አማትየው ጥቁር ለብሰው ሕንፃውን ዝም አሰኙ። የሩታ ስልክ ዝግ ነው። ሰው ሞቶ ለእሷ ገና አልተነገራትም ማለት ነው፤ መርዶ ደግሞ በቀን አይነገርም። ስለዚህ ለወይዘሮ ፈትለወርቅ ሹክ አሏቸው፤ ወይዘሮ ፈትለወርቅም እንዳይንጫረር ወንበሩን አንድ በአንድ በእጅ አሸክመው አወጡና፣ ከማንም አፍ አንዲት ቃል እንዳታመልጥ አስጠንቅቀው ጎረቤቱን አስቀመጡ። ወይዘሮ ታደለች ሊገሥጹ ሲወጡ የተዘቀዘቀ ነጠላና የሚያዝኑ ዓይኖች አዩ፤ አንዱ ተነሥቶ ወንበር ለቀቀላቸው። ደብረ ብርሃን ያለው ታማሚ ወንድማቸው መሆኑን ወዲያው ተረዱ።

«ታዲያ ለምን ሳይጠይቁ ቀሩ?» አለች ሩታ።

«ብጠይቅ ይነግሩኛል፤ ቢነግሩኝ እጮኻለሁ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «አንቺ ፈተና ላይ ነሽ። እስክትጨርሺ ልያዘው ብዬ ነው።»

ሩታ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ያን ጊዜ ከሁለቱ ሠራተኞች አንደኛው መቻል አቅቶት ፈነዳ። እሱን ተከትሎ ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ፤ ወይዘሮ ታደለችም እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። ጌድዮን ነቃ። አንድ ሰዓት ከሃምሳ አራት ደቂቃ።

ልጁ ጡቱን እየጠባ ሳለ ሩታ ያቺን ሦስት ቀን ይዛ የዞረቻትን ዓረፍተ ነገር አወጣቻት። ሠላሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ እንደተጣራ፣ እሷ መነሣት እንዳልቻለች፣ ራሱ ተመልሶ እንደተኛ ነገረቻቸው።

«ማንም ሳይነካው?»

«ማንም።»

ወይዘሮ ታደለች የልጁን እግር ዳበሱ። «እንግዲህ አምስት ወር ሙሉ የቀሰቀስኩት እኔ ነኛ።»

«ሁላችንም ነን እማማ» አለች ሩታ።

ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ታደለች ልጁ በተኛ በሃያ ስምንተኛው ደቂቃ ወንበራቸውን አንሥተው ኮሪደሩ ላይ ይወጣሉ። ቤት ውስጥ ሆነው እየሰሙ አለመነሣት አይችሉም፤ ሞክረውታል። ወይዘሮ ፈትለወርቅም ድምፅ ሳያሰሙ የራሳቸውን ወንበር ይዘው ይመጡና ጎናቸው ይቀመጣሉ። ደረጃውን የሚወጣ ሰው ቆም ብሎ ምን እንደሆኑ ሲጠይቃቸው፣ ወይዘሮ ታደለች ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ለቅሶ ላይ ነን» ይላሉ በሹክሹክታ።

በሩን ግን ገርበብ አድርገው ነው የሚተዉት።