የተደፈነው መስኮት

በከተማው ዳርቻ ያለችውን መጠጥ ቤት ከአባታችን የወረስነው እኔና እህቴ ነን። አያታችን ከከፈቷት ስድሳ ዓመት አልፏታል። ጣሪያዋ ሲያፈስ፣ ባንኮኒዋም ሲወላገድ ጊዜ ዘንድሮ እድሳት ጀመርን።

ግንበኛው የጓሮውን ግድግዳ ልስን ሲያራግፍ በጡብ የተደፈነ መስኮት አገኘ። ማን እንደደፈነው ለማወቅ ከጓሮ ወዳሉት ጎረቤታችን፣ ወደ ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ሄድን።

«እኔ ነኛ» አሉ ፈገግ ብለው። «አባታችሁ ጠጪ በመጣ ቁጥር ይዘፍናል። ድምፁ መርፌ ከእጄ ያስጥለኝ ነበር። ብለምነው፣ ብቆጣው በጄ አልል ሲለኝ ጡብ ይዤ መጣሁ።»

«እሱስ ምን አለ?» አልኳቸው።

«ምን ይላል? ጭቃ ያቀብለኝ ጀመር፤ እየዘፈነ።»

እህቴ በሳቅ ፍርስ አለች። እኔ ግን ፈራ ተባ እያልኩ፣ «ታዲያ አሁን እንክፈተው ወይስ ይቅር?» አልኳቸው።

«ክፈቱት» አሉ ሽማግሌው። «እሱ ከሞተ ወዲህ ጸጥታው አላሠራ ብሎኛል።»

በማግስቱ ጡቡ ሲነሳ ብርሃን እስከ ባንኮኒው ዘለቀ። ልብስ ሰፊው ዛሬም ቢራቸውን የሚቀበሉት ከጓሯቸው ሆነው በዚያው መስኮት ነው። በበሩ ዞረው እንዲገቡ ብንለምናቸው ወይ ፍንክች።