ያልተቆረጠው ማርሚታ

ልጆቼ፣ ይህን የምነግራችሁ አንዲት ልጅ ላመሰግን ነው። የራሴንም ጥፋት አልደብቅም፤ «ቁረጡት» ያልኩት እኔው ላቀው ነኝ።

የእህቴ ልጅ እንግዳውና እኔ በሬዎቻችንን ሸጠን አዲስ የናፍጣ ጭነት ማኪና ገዛን። እሱ ከአይከል ጤፍ ጭኖ ጎንደር ያራግፋል። ሻጩ ድርጅት የሁለት ዓመት ዋስትና ሰጥቶናል፤ ሞተሩ ቢሰበር ይጠግኑልናል፣ የሌላ ሰው እጅ ከነካካው ግን ዋስትናው ይሰረዛል። ሌላ ሀብት የለንም። ማኪናዋ ከቆመች ሁለት ቤተሰብ ጦሙን ያድራል።

በስድስተኛው ወር ከመሪው ፊት ቢጫ የማስጠንቀቂያ መብራት በራ። ዳገት ላይ ማኪናዋ እንደ ታመመች በቅሎ ትለግም ጀመር። የሹፌሩ ሁሉ ምክር አንድ ነው፤ «ማርሚታው ውስጥ የጭሱን ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አለ፤ እሱ ሲደፈን ሞተሩ ይታፈናል። ቆርጠህ ጣለው፣ መብራቱን በኮምፒውተር አስጠፋው።» እኔም አመንኩ። እንግዳውን ይዤ ፀዳ ከተማ፣ የትነበርሽ የምትባል መካኒክ ጋራዥ ሄድኩ። የጭልጋ ልጅ ናት፤ እጇ እስከ ክርኗ ግራሶ ነው።

«ልጄ፣ ይህን ነገር ቁረጪልን።»

«አልቆርጥም፣ አያ ላቀው።»

«ምነው? ሌላው ይቆርጥ የለ?»

«የተቆረጠ ማኪና ዋስትናው የት እንደሚገባ ባዩት! ደግሞ ያን ጥላሸት ማን ይውጠው? ከማኪናው ኋላ በእግሩ የሚሄደው የእርስዎ ልጅ አይደል?»

እንግዳው ሳቀባት። «አንቺ የድርጅቱ ጠበቃ ሆንሽ እንዴ?»

«የአንተ ጠበቃ ነኝ እንጂ፣ አንተ ሞኝ!» አለችና ትንሿን ኮምፒውተሯን ሰካች። አይታ አይታ፣ «ሞተሩን ሳታጠፋ የት የት ነው የምትቆም?» ስትል ጠየቀችው።

እንግዳው አንገቱን አከከ። ሸጋ ልጅ ነው፤ ሰው ሰላም ሳይል አያልፍም። በጭልጋ መንገድ ላይ ደግሞ የነፍስ አባታችን አባ ፍቅረ ማርያም አሉ። በየቀኑ ወርዶ መስቀል ይሳለማል። «አሁን እመለሳለሁ» ብሎ ሞተሩን አያጠፋም፤ ጨዋታው ግን ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

«በቃ፣ ተገኘ» አለች። «ማጣሪያው ጥላሸቱን አቃጥሎ የሚጠራው ሞተሩ ግሎ ሳይቆም ሲሄድ ነው። አንተ ማቃጠል ሲጀምር አቁመህ ትወርድለታለህ። ቢጫው መብራትም «ሳላቃጥል አታቁመኝ» ማለቱ ነው። ዛሬ እስከ አይከል አንዴም አትቆምም። እኔም አብሬህ አለሁ።»

«አባስ?»

«አባንም ታልፋቸዋለህ።»

ጋራዧን ዘግታ መጣች። ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጣበን ወጣን። መንገደኛ እጁን ባነሳ ቁጥር እንግዳው ያቃስታል። ከዚያ አባ ከመንገዱ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ታዩ፤ መስቀላቸውን አውጥተዋል። የእንግዳው እግር ወደ ፍሬኑ ሄደ።

«እንዳትነካው!» አለች የትነበርሽ።

«ይገዝቱኛል!»

«እኔን ይገዝቱ! ንዳ!»

አለፍናቸው። እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ፣ «ይፍቱን አባ! እንመለሳለን!» ብዬ ጮህኩ። መስቀላቸው አየር ላይ ቀረ።

አይከል ልንደርስ ስንል መብራቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። የትነበርሽ አልፎከረች፣ አልሳቀችብን፤ «ይኸው» ብላ እጇን በጨርቅ ጠረገች። ቆርጣ ብትሸኘን እኮ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር፤ እኛም መርቀናት እንሄድ ነበር። እሷ ግን ለሰው ማኪና ቀኗን ሙሉ ሰጠች።

ስንመለስ ሞተሩን አጥፍተን ሦስታችንም ከአባ እግር ወደቅን።

«ሰይጣን የሚነዳው መስሎኝ ነበር» አሉ። ልጅቱ ሁሉንም አስረዳቻቸው። «እንግዲያ የእኔም ወሬ አለበት በይኛ!» ብለው ሳቁና መጀመሪያ እሷን ባረኩ።

በወሩ ማኪናዋን ለምርመራ ወሰድናት። የድርጅቱ ሰው ከሥር ሲገባ መጀመሪያ የዳሰሰው ማርሚታውን ነው። «ቆርጠነው ቢሆንስ?» አልኩ በልቤ። ወጥቶ አቧራውን አራገፈና፣ «ምንም አልተነካም» ብሎ የዋስትናው ደብተር ላይ ማህተሙን መታ።

ዛሬ እንግዳው ከዋርካው ሲደርስ አባ መስቀሉን ቶሎ አያወጡም፤ «መጀመሪያ አጥፋው!» ይላሉ። ቢጫው መብራት የበራ ቀን ደግሞ ከሩቅ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል። ያኔ አባ ከመንገዱ ፈቀቅ ይሉና፣ መስቀሉን ከፍ አድርገው «እለፍ ልጄ፣ እለፍ!» እያሉ ያሳልፉታል።