ወለተጻድቅ ብለው ያስቡኝ

ሰርኬ የልጇ ሚስት ያቀረበችላትን ሽሮ ከነሳህኑ አንስታ ወጣችና ለግቢው ውሻ ደፋችለት። ሌሊሴ የገፋ ሆዷን በእጇ ደግፋ በሩ ላይ ቆማ አየቻት።

“እማማ፣ ምን አጠፋሁ?”

“ያጠፋሽውን አንቺ ታውቂያለሽ። ከእጅሽ እንዳልበላ ተነግሮኛል።”

“ማን ነው የነገረዎት?”

“አባ ናቸው። መድኃኒት እንዳደረግሽብኝ፣ ልጄንም እንደነጠቅሽኝ አንድ በአንድ ነገሩኝ።”

አባ የተባለው ቲክቶክ ላይ ቆብ ደፍቶ የሚጸልይ ሰው ነው። ሰርኬ በአካል አግኝታው አታውቅም። ስልክ ቁጥሯን በመልእክት ተቀብሎ ከደወለላት ወዲህ ግን ቀራንዮ መድኃኔዓለም ካሉት የንስሐ አባቷ ይልቅ እሱን መስማት ጀምራለች።

ሌሊሴ ወደ ክፍሏ ገብታ ልብሷን ቦርሳ ውስጥ ትከት ጀመር። አስኮ፣ እናቷ ቤት ልትሄድ ነው። ሰርኬ ንዴቷ ስላልበረደላት ተከትላት ገባች።

“ታዲያ የክርስትና ስሜን ማን ነገራቸው? ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቀው የለም። ስልኩን እንዳነሳሁ ‘ወለተጻድቅ’ ብለው ነው የጠሩኝ። ቤቴ ነፍሰ ጡር እንዳለችም አውቀዋል።”

ሌሊሴ የያዘችውን ቀሚስ አስቀምጣ ስልኳን አነሳች። የሰውየውን ገጽ ከፍታ ከቪዲዮዎቹ ሥር የተጻፈውን ማየት ያዘች። ስንትና ስንት ሴት የክርስትና ስሟን ጽፋ ጸሎት ለምናለች። አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመችና አነበበችው።

“‘አባታችን፣ ወለተጻድቅ ብለው በጸሎት ያስቡኝ። የልጄ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፤ በሰላም እንድትገላገልልኝ።’ ፎቶው የእርስዎ ነው፣ እማማ።”

ሰርኬ ስልኩን ተቀብላ ደጋግማ አየችው። የጻፈችው ራሷ ናት፤ ሰውየው ሳይደውልላት በፊት ጽፋ ረስታው ነበር። ስሟን በገዛ እጇ ሰጥታው፣ መልሶ ሲነግራት ራእይ መስሏት ተንበረከከች። ለሌሊሴ የለመነችውን ጸሎት ሰውየው ገልብጦ ራሷን ሌሊሴን መምቻ አደረገው። ደሟ ፈላ። ከሁሉ በላይ የተናደደችው ግን በራሷ ነበር። ልጇ ሚሊዮን ካገባ ወዲህ ውስጥ ውስጡን ቅናት ይዟታል፤ ‘ልጅሽን የነጠቀችሽ እሷ ናት’ ሲላት ደስ ብሏት ነው የሰማችው።

እዚያው እንደቆመች ደወለችለት።

“ወለተጻድቅ፣ ልጄ፣ አስወጣሻት?”

እስከ ዛሬ አንቱ ስትለው ኖራለች። “ስማ አንተ፣” አለችው፣ “ጸሎት ብለምንህ ቤቴን ታፈርሳለህ? በእግዚአብሔር ስም ትነግዳለህ?”

“ክፉ መንፈስ ነው እንዲህ የሚያናግርሽ፤” አላት ረጋ ብሎ። “አሁኑኑ ካልጸለይኩልሽ ጽንሱ ይጠፋል።”

አፏ ‘ይጸልዩልኝ’ ሊል ምንም አልቀረውም። ሲጫወትባት የከረመው በዚሁ ፍርሃት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

“ልጁን የሚጠብቀው ፈጣሪው ነው። አንተ ማን ነህና?” ብላ ስልኩን ዘጋችበት።

ሌሊሴ ቦርሳዋን ዘግታ ጨርሳለች።

“ይቅር በይኝ፣ ልጄ። አትሂጂብኝ።”

“ምግቤን ለውሻ ሲደፉት ጎረቤት እያየ ነበር። ዛሬ እዚህ አላድርም። ለእናቴም የሆነውን እነግራታለሁ።”

ሰርኬ ነጠላዋን ደርባ ቦርሳውን ከእጇ ተቀበለቻት።

“ወዴት ነው፣ እማማ?”

“አስኮ። ለእናትሽ የምነግራት እኔ ነኝ፤” አለችና ወደ ታክሲው ፌርማታ ቀድማት ወጣች።