የአርጎን ቦታ

ታፔላ ጸሐፊው የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲጽፍ አሥራ አንድ ቀን መሰላል ላይ ዋለ። ለትምህርት ቤቱ ሰዎች ከወረቀት የሚገለብጥ እንጂ የሚገባው አይመስላቸውም። እሱ ግን እዚያው የምትማረው ሴት ልጁ ጮክ ብላ ስታጠና ሰምቶ ሰምቶ፣ ፕሮቶኑንም ኤሌክትሮኑንም እንደ ጎረቤቶቹ ለይቶ ያውቃቸዋል።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዳይሬክተሩ መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቁጥሮቹን ሲያይ ቆየና፣

"አርጎን ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ፣ ቀጥሎ ፖታሲየም ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አንድ? ከባዱ ከቀላሉ ይቀድማል እንዴ? ተሳስተዋል፤ ያቀያይሯቸው" አለ።

"ጌታዬ፣ ወረቀቱም እንዲሁ ነው። ተራ የሚይዙት በክብደት ሳይሆን በፕሮቶን ብዛት ነው። አርጎን አሥራ ስምንት፣ ፖታሲየም አሥራ ዘጠኝ።"

ዳይሬክተሩ ሳቀ። "አባቴ፣ እርስዎ ቀለሙን ይያዙ፤ ትምህርቱን ለእኛ ይተዉልን።"

ምን ያድርግ? ውሃ ሲነካው የሚነደውን ፖታሲየም፣ ከማንም ጋር ከማይነካኩት ጋዞች ሰልፍ አስገባው። ቤት ገብቶ ለልጁ ቢነግራት እሳት ለበሰች።

በሰንጠረዡ ምረቃ ዕለት ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጣች የኬሚስትሪ ባለሙያ ግድግዳውን አየችና፣ "ፖታሲየም እዚያ ምን ይሠራል?" አለች።

ዳይሬክተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "እኒህ ሰውዬ ናቸው፤ ያልተማረ ሰው ምን ይደረግ" አለ።

ልጅቷ ከተማሪዎቹ መሃል ወጣች። "ውሸት ነው! አባቴ ነግሮዎት ነበር። አባዬ፣ ንገራቸው እንጂ!"

ዳይሬክተሩ ልጅቷን አየ፤ አባቷን አየ። ተማሪ የሚያባርር ደብዳቤ የሚፈረመው በእሱ እጅ ነው።

ታፔላ ጸሐፊው ወደ ባለሙያዋ ዞረ። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ልጅ ናት፣ ተቆርቁራልኝ ነው።"

"እንግዲያው ይቅርታ ትጠይቅ" አለ ዳይሬክተሩ።

"ጠይቂ፣ ልጄ።"

ልጅቷ አባቷን አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ጠየቀች።

በማግስቱ እሱ መሰላሉ ላይ ሆኖ ስህተቱን ሲያርም ተማሪው እየሳቀ አለፈ። ቤት ሲገባ፣ "ለአንቺ ስል እኮ ነው" አላት።

"ዋሽልኝ መች አልኩህ?"

ትምህርቷን በአንደኝነት ጨረሰች። ምስክር ወረቀቷን ለእናቷ ሰጠቻት፤ እሱ ከእናትየው እጅ ተቀብሎ አነበበው።