አፍንጫ ያጣው ዓሣ

ወንድሟ አንድ ነገር ሲከለከል እንደሚብስበት ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቃለች። እያወቀች ከለከለችው። "ይሄንን ዓሣ ቀለም እንዳታስነካው" አለችው። እሱም ራሱን በእሺታ ነቀነቀላትና ገና በሩን ዘግታ ሳትወጣ ብሩሾቹን መደርደር ጀመረ።

ሁለቱ ከአባታቸው በወረሱት ሥራ ቤት ለትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቅርጻ ቅርጽ ይሠራሉ። የሚከፈት ልብ፣ ለሁለት የተሰነጠቀ ጥርስ፣ የላም ጨጓራ፣ ምን ያልሠሩት አለ። እሷ በጭቃ ትቀርጽና በጀሶ ታወጣለች፤ እሱ ይቀባል። ሰፈርተኛው እሱን "ብሩሼ" ይለዋል። እሱ ደግሞ ስትቆጣ ጊዜ "የጭቃ ሹሟ" ይላታል፤ ሰሞኑን ታዲያ በሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም።

የአሁኑን ሥራ ያዘዘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። ትእዛዙን ይዘው የመጡት መምህርም ራሳቸው ዓይነ ስውር ናቸው። ክፍላቸው ውስጥ በመስታወት ሣጥን የሚኖር አንድ ቤታ የሚባል ትንሽ ዓሣ አለ፤ ልጆቹ በየተራ ይመግቡታል። ጠረጴዛውን በጣት ቆርቆር ሲያደርጉ ዓሣው ወደ እጃቸው ይመጣል፤ እናም ጆሮ አለው፣ የለውም በሚል ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ትምህርት ማስተማር አልተቻለም። ዳስሰው እንዳያረጋግጡ ዓሣው ስስ ነው፣ ይጎዳል። ለመሞከር እጁን ሰድዶ የተነከሰም አለ። "ጭንቅላቱን ብቻ ሥሩልን" አሏት መምህሩ፤ "ሐብሐብ አሳክላችሁ፣ በሁለት እጅ ተይዞ ሁሉ ነገሩ የሚዳሰስ።"

የሚዳሰስ። ይህችን ቃል ለወንድሟ ስትደጋግምለት ምላሷ ሊደርቅ ምንም አልቀረውም።

እሷ ዝም ብላ አልጀመረችም። አንድ ቤታ ገዝታ የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችና አፍጥጣ አጠናችው። እሱም አፍጥጦ አጠናት፤ የዓይን ቆብ ስለሌለው ተኝቶም ቢሆን ማፍጠጡን አይተውም። አፉ ወደ ላይ የቀና ነው፤ ምግቡን ከውኃው ገጽ ላይ ነው የሚለቅመው። ከአፉ ከፍ ብሎ ጥቃቅን የአፍንጫ ቀዳዳዎች አሉት፤ ሊያሸትባቸው እንጂ ሊተነፍስባቸው አይደለም። ጆሮው ከውጭ የለም፤ ውስጥ፣ ከራስ ቅሉ ሥር፣ ድምፅ ሲመጣ የሚነቃነቁ ጥቃቅን ጠጠሮች አሉ። ፊቱ ላይ ደግሞ የውኃውን እንቅስቃሴ የሚያውቅባቸው በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ውኃ ውስጥ ከሚተነፍስበት ከስንጥቡ በላይ፣ ብቅ እያለ የሚጎርሰውን አየር የሚጠቀምበት እንደ ተጨማደደ ጨርቅ የተጣጠፈ አካል አለው።

ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ሠራችው። ጀሶው ሳይጠነክር የአፍንጫውን ቀዳዳዎች በወስፌ ከፈተች፤ የፊቱን በመርፌ። አናቱን እንደ ድስት ክዳን የሚነሳ አደረገችና የጆሮ ጠጠሮቹን ከሥሩ አስቀመጠች። በስንጥቡ ክዳን ላይ ደግሞ ትንሽ መስኮት አወጣች፤ የተጣጠፈው አካል በዚያ በኩል ወለል ብሎ ይታያል። ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልስ ግማሽ ቀን ፈጀባት። ከዓሣው ሁሉ የምትኮራው በዚህች መስኮት ነበር።

ወንድሟ ግን ወንበሩን ስቦ ከዓሣው ፊት መስታወት ይደቅናል። ቤታው በመስታወቱ ውስጥ ሌላ ቤታ የመጣበት ይመስለውና በንዴት የስንጥቡን ክዳን ይገልጣል፤ ከሥሩም ጢም የመሰለ ስስ ቆዳ ይወጣል። "ይሄን ሰማያዊ አየሽው?" ይላል ብሩሼ። "ደግሞ ከሥሩ ያለውን ቀይ?" እሷም ሰማያዊን ማን ሊዳስስ ነው ብላ ትጠይቀዋለች፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። ልብ አውልቅ ማለት እንዲህ ያለው ነው፤ አይጣላሽም፣ አይሰማሽም።

በርክክቡ ዋዜማ ለጉዳይ ወጥታ ስትመለስ ዓሣው ተቀብቶ ጠበቃት። ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ሲሄድ፣ ጢሙ ደም ሲመስል፣ ዓይኑ በወርቅ ቀለበት ተከቦ። እውነቱን ለመናገር አምሯል፤ ማማሩ ነው ይበልጥ ያናደዳት። በላዩ ላይ ቫርኒሹን ደራርቦበት አብረቅርቋል። እጇን ስትዘረጋ፣ "እንዳትነኪው፣ አልደረቀም" አላት። በዓይኗ ብቻ አየችው። አፍንጫው በቦታው ነው፤ በጥቁር ጎልቶ ይታያል። ቀለሙ ለልጆቹ ባይጠቅም አይጎዳም ብላ ንዴቷን ዋጠች።

ሲነጋ ግን አላስቻላትም። "መምህሩ ይሄን ካልተቀበሉ ከነገ ጀምሮ መንገዳችን ለየቅል ነው" አለችው። "ቤቱንም ዕቃውንም እንካፈላለን። እኔ ሰልችቶኛል።"

ብሩሼ ብሩሽ እየጠረገ ነበር። ቀና ብሎ አያት።

"ቀለም የማይፈልግ ሥራ ከሆነ እኔ እዚህ ቤት ምን ልሠራ ነው የምመጣው? አባባ ከቀለም በቀር ምን አስተማረኝ? ጭቃውን ላንቺ ሰጠ።"

ይህን ቀድሞ ተናግሮት አያውቅም። እሷ መጥረጊያ አንስታ የተጠረገውን ወለል እንደገና ጠረገች።

መምህሩ ደረጃውን እየረገሙ ወጡ። የመጨረሻው እርከን ከሌሎቹ ያንሳል፤ ያንን የሠራ አናጢ ቢገኝ ሁለት ቃል እነግረው ነበር አሉ። ከተቀመጡ በኋላ ሻይ ይምጣልዎ ሲባሉ መጀመሪያ ዓሣው ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። እሷም የዓሣውን ጭንቅላት አንስታ እጃቸው ላይ አኖረችው።

ጣቶቻቸው ከአፉ ጀመሩ። ወደ ላይ መቅናቱን አገኙና ደስ አላቸው። የዓይኑን ክብነት ዞሩት። ከዚያ ወደ አፉ ተመለሱ፣ ከአፉ ወደ ዓይን፣ ከዓይን ደግሞ ወደ አፍ። እዚያች መካከል ላይ ጣታቸው እየተመላለሰ ቆየ።

"ዓሣችሁ አፍንጫ የለውም እንዴ?" አሉ።

"አለው እንጂ፣ መምህር" አለ ብሩሼ ፈጠን ብሎ። "እዚያው ጣትዎ ሥር ነው። በጥቁር አጉልቼ ነው የሠራሁት።"

"ጥቁሩን አላገኘሁትም" አሉ መምህሩ።

እሷ ጣቷን ልካ ዳሰሰችው። ልሙጥ ነው፤ እንደ ታጠበ ሰሃን። ቫርኒሹ አፍንጫውንም የፊቱንም ቀዳዳዎች ሁሉ ሞልቶ ደፍኗቸዋል። መርፌ ይዛ አጎንብሳ የዋለችው ውላ፣ የዓይኗ ብርሃን የደከመው ደክሞ፣ ሁሉም ከቀለም በታች ተቀብሯል። ደሟ ፈላ።

"እሱ ነው" አለች። "ቀለሙ የወንድሜ ሥራ ነው። እኔ ከልክዬው ነበር፣ ለምኜው ነበር። የከፈትኳቸውን ቀዳዳዎች ሁሉ የደፈነው እሱ ነው።"

በሰው ፊት እንዲህ አዋርዳው አታውቅም። ትንሽ ቀለል አላት። እጁን በሱሪው ጠረገ፤ እጁ ንጹሕ ነበር።

መምህሩ የእህትና ወንድም ነገር ውስጥ መግባት እንደማይፈልጉ ሁሉ ሥራቸውን ቀጠሉ። አናቱን አንስተው የጆሮ ጠጠሮቹን አገኙ። ከመዳፋቸው ላይ አንከባለሏቸውና ሳቁ፤ ይቺ ከክርክሩ ትገላግለናለች አሉ። እሷም ኮራ አለች። ከዚያ እጃቸው በጉንጩ በኩል ወርዶ የስንጥቡ ክዳን ጋ ደረሰ፤ መስኮቷንም አገኘ። ሌባ ጣታቸው አልገባ አለ። በትንሿ ጣታቸው ሞከሩ፤ ጥፍራቸው ገብቶ ቆመ።

"ከዚህ ውስጥ ምን አለ?" ብለው ጠየቁ።

"አየር የሚስብበት አካል ነው፣ መምህር። በመስኮቷ በኩል ወለል ብሎ ይታ…"

ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ለማየት የምትበቃ፣ ጣት የማታስገባ መስኮት ነው የሠራችው፤ የልጅ ጣት እንኳ አያልፍባትም። "የሚዳሰስ፣ የሚዳሰስ" እያለች ወንድሟን ስትነተርከው ሰንብታ፣ አንድ ቀን እንኳ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ከታ አልሞከረችም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄኔ ነው።

"ዛሬ አልወስደውም" አሉ መምህሩ ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ። "አፍንጫ የሌለው፣ መስኮቱም ጣት የማያስገባ ዓሣ ይዤ ብሄድ ልጆቹ እኔንም ዓሣውንም አይለቁንም። ይቺንስ መስኮት ማነው እንዲህ ያጠበባት?"

ልትመልስ አፏን ከፈተች። ጀሶው ሲደርቅ ይጨማደዳል፣ እንዲህ ያደርጋል፣ እንዲያ ያደርጋል ልትል ነበር፤ ሰበቡ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል።

"እኔ ነኝ" አለ ብሩሼ። "እሷ በደንብ አስፍታ ከፍታው ነበር። ለዓይን እንዲያምር ብዬ በጀሶ ያጠበብኩት እኔ ነኝ። ሁሉም የኔ ጥፋት ነው፣ መምህር፤ እሷን አይውቀሷት።"

ይህን ሲል ወደ እሷ አላየም። ጨርቅና ቀለም ማስለቀቂያውን የአኳራጅ ጠርሙስ ሊያነሳ ዞሮ ነበር፤ ጀርባው ብቻ ይታያታል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሰበረችውን ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚወስድላት። ንዴቷ ግን ወዲያው ተመለሰ። ይኸው ነው ሥራው፤ ሰው ተናድዶበት እንኳ እስከ መጨረሻው እንዲናደድ አይፈቅድም።

"መስኮቷ የኔ ናት፣ መምህር" አለች ጮክ ብላ። "እሱ በእጁም አልነካት።" ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። "አንተ ደግሞ ያገኘኸውን ሁሉ አትቀባ። ይሄን እንኳ ለኔ ተውልኝ።"

ብሩሼ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ። መምህሩ ዱላቸውን ፈልገው ያዙ እንጂ አልተነሱም።

"ታዲያ" አለ ብሩሼ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ነገ ልምጣ ወይስ አልምጣ?"

"እና ያንን ሁሉ ቫርኒሽ ማን ሊፍቅልህ ነው?" አለችው።