ለእማማ ቅጠሌ ያልደረሰው ወረቀት

የተቆጣጣሪዋን ሥራ ከውጭ ለሚያየው ሰው ሽርሽር ይመስል ነበር። ተማሪዎች በአውቶቡስ ወደ መናፈሻው ይመጣሉ፣ አስጎብኚዎች እየመሩ ዛፉን፣ ወፉን፣ ኩሬውን ያሳዩአቸዋል፣ እሷ ደግሞ ይህን ሁሉ ትቆጣጠራለች። እውነቱ ግን ቀኑን ሙሉ ከስልክና ከወረቀት ጋር ግብግብ ነው። ቢሮዋ ከዕቃ ቤቱ ጎን የተለጠፈች ጠባብ ክፍል ናት። ጥግ ላይ ጭቃ የደረቀባቸው የጎማ ቦት ጫማዎች ተደርድረዋል፤ መስኮቱ ሥር ማጉያ መነጽር የታጨቀበት ካርቶን አለ፤ ጠረጴዛዋ ላይ ያለው የሽቦ ቅርጫት ከየክፍሉ በሚላክ ወረቀት ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይውላል።

ከአምስቱ አስጎብኚዎች አንጋፋዋን ልጆቹ እማማ ቅጠሌ ይሏቸዋል። ስልሳ ሊደፍኑ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሴት ናቸው። ተቆጣጣሪዋ ገና ጀማሪ አስጎብኚ ሳለች እጇን ይዘው ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ነበሩ። የኃላፊነቱ ቦታ ክፍት ሲሆን እድገቱ ለእሷ ተሰጠ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፋል። እሳቸው ግን፣ «እሰይ፣ ተገላገልኩ! እኔ ወረቀት ሳይ እንቅልፌ ይመጣል» ብለው ወንበሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው አስቀመጧት። እሷም ከዚያ ወዲህ «እትዬ» ከማለት ውጪ ጠርታቸው አታውቅም።

እማማ ቅጠሌ የሚታወቁት በአራተኛው ማረፊያ ነው። ከኩሬው ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ ዳር ሦስት ሦስት ቅጠል ያላት አንዲት ኮምጣጣ ሣር ትበቅላለች። ልጆቹን ክብ ሠርተው ያስቀምጡና፣ «እስቲ ፊቱን ሳያጨማድድ የሚውጣት ጀግና ማን ነው?» ይላሉ። ጀግና ተገኝቶ አያውቅም። ሁሉም ፊቱን አጨማዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሳቅ ይፈርሳል።

አንድ ሰኞ ጠዋት የአትክልተኞቹ አለቃ ብጣሽ ወረቀት ላከ። ሐሙስ ከኩሬው እስከ ድልድዩ ባለው መንገድ ዳር የአረም መድኃኒት ስለሚረጭ ለአስጎብኚዎች ይነገር ትላለች። ተቆጣጣሪዋ ያነበበቻት ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል አጣብቃ፣ አውቶቡሱ መንገድ ላይ የተበላሸበትን አንድ ርዕሰ መምህር እያባበለች ነበር። መድረሷን ፈረመች፤ በኋላ እነግራቸዋለሁ ብላ ቅርጫቱ ውስጥ ከተተቻት። በላይዋ ላይ ሌላ ወረቀት መጣ። ከዚያ ሌላ። ረሳቻት።

ዓርብ ዕለት ሠላሳ አንድ ልጆች መጡ። ቅጠሏን የቀመሱት አሥራ አንዱ ናቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንዷ ልጅ ጉሮሮዬን አቃጠለኝ ብላ አለቀሰች፤ ወዲያው ሁለት ልጆች አስመለሳቸው። ተቆጣጣሪዋ ጩኸት ሰምታ ስትሮጥ፣ እማማ ቅጠሌ ጭቃው ላይ ተንበርክከው የአንዷን ግንባር ደግፈው ይዘው አገኘቻቸው። «ምን ነካብኝ ልጆቼን? ሃያ ዓመት ሙሉ ሲቀምሷት!» ይሉ ነበር። ተቆጣጣሪዋ የመንገዱን ዳር አየች። ሣሩ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። ያን ጊዜ ብጣሿ ወረቀት ትዝ አለቻት።

አሥሩ ልጆች በማግስቱ ከሕክምና ወጥተው ቤታቸው ገቡ። ጉሮሮዋን ያቃጠላት ልጅ ግን ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች።

ሰኞ ተቆጣጣሪዋና እማማ ቅጠሌ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠሩ። የአትክልተኞቹ አለቃ የወረቀቷን ግልባጭ ይዞ መጥቷል፤ የተቆጣጣሪዋ ፊርማ ከግርጌው ጉብ ብሏል።

«ወረቀቱ ደርሶሻል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ለእሳቸው ነግረሻቸዋል ወይ?»

ሌሊቱን ሙሉ የተዘጋጀችው «አልነገርኳቸውም» ልትል ነበር። አፏን ስትከፍት የወጣው ሌላ ሆነ።

«ነግሬያቸዋለሁ። ማክሰኞ፣ ዕቃ ቤቱ በር ላይ፣ በቃል።»

ማክሰኞ በር ላይ ቆመው ማውራታቸው እውነት ነው። ያወሩት ግን ስለ ቦት ጫማ ነበር።

እማማ ቅጠሌ ዞር ብለው አዩዋት። ይጮኻሉ፣ ውሸታም ይሉኛል ብላ ጠበቀች። ቢሏት ኖሮ ምናልባት እዚያው ትናዘዝ ነበር። እሳቸው ግን የጠፋ ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ዓይናቸው ወዲያ ወዲህ ተንከራተተ።

«በር ላይ መቆማችን ትዝ ይለኛል» አሉ ቀስ ብለው። «መድኃኒት ያለችኝ ግን… ከየት ላምጣው፣ ጠፋብኝ። እሷ ነገርኳቸው ካለች ነግራኛለች። አትዋሽም፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። እንግዲህ አርጅቻለሁ ማለት ነው። በገዛ እጄ ላበላቸው!»



እማማ ቅጠሌ በዚያው ሳምንት ተሰናበቱ። የስንብቱን ደብዳቤ ያረቀቀችው እሷ ናት፤ ደንቡ የቅርብ አለቃ ይጽፋል ስለሚል። ልጅቷ ከሆስፒታል ስትወጣ እናገራለሁ አለች፤ ልጅቷ ወጣች። ወሬው ሲበርድ አለች፤ በረደ። ቀን በገፋ ቁጥር ነገሩ ጉሮሮዋ ላይ እንደተሰነቀረ አጥንት ሆነባት፤ አይወርድ፣ አይወጣ። አዲስ አስጎብኚ ቀጠረች። አራተኛውን ማረፊያ ከካርታው ላይ ሰረዘችው።

በስድስተኛው ወር የእማማ ቅጠሌ ሴት ልጅ የእናቷን ዕቃ ልትወስድ መጣች።

«እትዬ ደህና ናቸው?» አለች ተቆጣጣሪዋ፣ ዓይኗን ዕቃው ከተሰበሰበበት ካርቶን ሳታነሳ።

«ምኑን ደህና! ራሷን ፈርታለች። ምድጃውን አጥፍታ አሥር ጊዜ ተመልሳ ታየዋለች። ሐኪም ቤት ወስጃት፣ አእምሮዋ ከእኔና ከአንቺ ይሻላል አለኝ ሐኪሙ። ማን ይስማው? ከወለድኩ ሦስት ወሬ ነው፤ ልጄን አንድ ቀን አላቀፈቻትም። የሆነ ቦታ አስቀምጬ እረሳታለሁ ትላለች።»

ተቆጣጣሪዋ በዚያው ዕለት ከሰዓት ሄደች። በሩ ላይ «ቁልፍ ይዘሻል?» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ምድጃው አጠገብ ሌላ፣ ቧንቧው ላይ ሌላ። እማማ ቅጠሌ ከስተዋል፤ ሲያዩዋት ግን ፊታቸው ፈካ።

«መጣሽልኝ ልጄ! እኔ እኮ ፊቴን ላሳይሽ አፍሬ ነው የጠፋሁት። ልጆቹ ተሻላቸው?»

«እትዬ፣ አልነገርኩዎትም ነበር» አለች ቆማ እንዳለች። ቁጭ ብትል እንደማትችለው ታውቃለች።

«ምኑን?»

«መድኃኒት እንደሚረጭ። ወረቀቱን ረስቼው ነው። ማክሰኞ ያወራነው ስለ ቦት ጫማ ነበር።»

 እማማ ቅጠሌ ጣታቸውን አነሱ። «የግራው ተቀዷል አልኩሽ።»

«አዎ።»

«አንቺ ደግሞ ከመጋዘን አወጣልዎታለሁ አልሽኝ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አልረሳሁም!» ብለው በሁለት እጃቸው ጭናቸውን መቱ። «ሰማሽ ልጄ፣ አልረሳሁም! ይኸው ሁሉም አለ!» ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ ሴት ልጃቸው ሕፃኗን እንደታቀፈች ብቅ አለች። እማማ ቅጠሌ እየሳቁ ነበር። ሳቁ ግን መሀል ላይ ቆመ። ዓይናቸው ሕፃኗ ላይ አርፎ ቀረ።

«ስድስት ወር» አሉ። «ስድስት ወር ሙሉ አብዳለሁ ብዬ ስጠብቅ ነበር። እኔን ሞኟን፣ ከራሴ ይልቅ አንቺን አመንኩ።»

«ይቅር ይበሉኝ። ነገ ለሥራ አስኪያጁ…»

«ለእሱ የፈለግሽውን በይው። እኔ ግን ዛሬ አልችልም። ነገም የምችል አይመስለኝም። ሂጂ።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ጽፋ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠችው። አንብቦ ሲጨርስ አልተቆጣም፤ ቁልፉን አስረክቢ ብቻ አላት። ለእማማ ቅጠሌ ይመለሱ የሚል ደብዳቤ ተላከላቸው፤ መልስ አልሰጡም። ታሪኩ በየትምህርት ቤቱ ሲሰማ አንዱ ርዕሰ መምህር ቀጠሮውን ሰረዘ፣ ሌላው ተከተለ፤ በዓመቱ የመናፈሻው የተፈጥሮ ትምህርት ተዘጋ። ተቆጣጣሪዋ ዛሬ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ደብተርና እርሳስ ትሸጣለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ከእማማ ቅጠሌ ሴት ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። መሸሻ አልነበረም።

«ሕፃኗ አደገች?»

«እግር አውጥታለች።»

«እትዬስ? ይይዟታል?»

 «ትይዛታለች» አለች ሴት ልጃቸው። «እኔ ቤት ውስጥ ስኖር ብቻ። ወረቀቶቹንም ላነሳቸው ብዬ ነበር፤ ተያቸው፣ ፍርሃቱ አንዴ ገብቶብኛል አለች።»

አውቶቡሱ መጣ። የሁለቱም መንገድ በአንድ ነበር። ተቆጣጣሪ የነበረችው ሴት ግን ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች አግዳሚው ላይ ቀረች፤ በሚቀጥለው ሄደች።